ቻለው የሚባል ቡችላ

ቻለው ወደ ቤታችን የገባው በኦቦ መገርሳ ካፖርት ኪስ ውስጥ ሆኖ ነው። ኦቦ መገርሳ ከአባዬ ጋር ፋብሪካ የሚሠሩ፣ ከከተማው ጀርባ ተረተሩ ላይ ከብት የሚያረቡ ሰው ነበሩ። ደጃፋችን ላይ ቆመው «አካም ጅርቱ!» አሉና እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ሰደው አንድ ገና እግሩ ያልጠና ቡናማ ነገር አወጡ። «ያ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ እንኪ፣ ያንቺ ነው» ብለው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ወዲያው ሸናብኝ። እኔ ጮህኩ፣ አባዬ ሳቀ፣ እሳቸውም ሳቁ። እማዬ ብቻ አልሳቀችም። የረጠበውን እጄን አገላብጣ አየችና «ደግ ነው፣ ይሆናል» አለች፤ ገበያ ወጥታ በግ መርጣ እንደተስማማች ሴት።

ይህ የሆነው በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳዎቹ ማለቂያ ላይ ሰበታ ነው። ቤታችን ከጅማ መንገድ ትንሽ ገባ ብላ የተሠራች፣ በመጋረጃ ለሁለት የተከፈለች አንዲት ክፍል ነበረች። ከመጋረጃው ወዲህ እኛና እንግዳ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ታላቅ እህቴ ማሪቱ። በሰፈራችን ውሻ አጥር ይጠብቃል እንጂ ቤት አይገባም። ክርስቲያኑም እስላሙም በብዙ ነገር ባይስማማ በዚህ ይስማማ ነበር። የእኛ ውሻ ግን እንዲገባ መፈቀዱ ሳያንስ እንዳይወጣ ተፈረደበት። እማዬ ከምሰሶው ጋር፣ ከመጋረጃው አጠገብ በገመድ አሰረችው። በደስታ የምሆነውን አጣሁ። ሌሎቹ ልጆች ውሻቸውን የሚያዩት ከበር ውጭ ነው፤ እኔ የራሴን ከመደብ ላይ ሆኜ አየው ነበር።

ስሙንም ያወጣችው እማዬ ናት። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ወይ ቡቺ ወይ ነብሮ ስለሆነ እኔም ቡቺ እንዲባል ለምኜ ነበር። «ቻለው ይባላል» አለች። ምን እንደሚችል አልጠየቅኳትም።

ማሪቱ የተመለሰችው ቻለው ከመምጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ወደ ቱሉ ቦሎ በኩል ለአንድ ደህና ገበሬ ተድራ ነበር። ስትሄድ በሠርጓ ላይ ጨፍሬ ጨፍሬ ድምፄ ተዘግቶ ነበር። ስትመለስ አህያ ላይ በጎን ተቀምጣ፣ አንድ የማላውቀው ጎረምሳ እየነዳት መጣች። ጎረምሳው ከደጅ አወረዳት፤ ውሃ እንኳ ሳይቀምስ አህያውን አዙሮ ሄደ። አህያው ጀርባ ላይ የነበረውን ጆንያ ግን ትቶት ነው የሄደው። ለምን እንደተወው ሲገርመኝ ነበር፤ ደህና ጆንያ ነበር። «ሕፃኑስ?» አልኳት፤ ማርገዟን ሰምቼ ስለነበር። እማዬ አፌን በእጇ ከደነችው።

«ወገቧን ታማ ነው» ተባልኩ። እውነትም እግሮቿን እየጎተተች ነበር የምትራመደው። ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች፤ ሰው ሲመጣ ትንፋሿ አይሰማም። ጎህ ሲቀድ፣ ሴቶቹ ውሃ ለመቅዳት ሳይወርዱ፣ ጨርቅ ተሸክማ ወንዝ ትወርዳለች። በየቀኑ የሚታጠብ ጨርቅ ከየት እንደሚመጣ ሳልጠይቅ፣ እህቴ ንጽሕና የምትወድ ናት እያልኩ ለጓደኞቼ አወራ ነበር። ስታገባም ስትመለስም ትልቅ ሴት ትመስለኝ ነበር። አሁን ሳሰላው አሥራ ስድስት ዓመት ቢሞላት ነው።

ቤታችን ይሸት ነበር። እማዬ ወለሉን በእበት ትለቀልቃለች፣ አመድ ትነሰንሳለች፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ትጎዘጉዛለች፤ ሽታው ግን በማግስቱ ተመልሶ ይመጣል። እኔም ጥፋቱ የቻለው መሆኑን አንድ ቀን እንኳ አልተጠራጠርኩም። ሽታው ከቡችላው በፊት እንደነበረ የገባኝ አድጌ፣ የራሴን ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ የቱ ቀደመ፣ የቱ ተከተለ ብላ አትመረምርም። ውሻ አለ፣ ሽታ አለ፤ አለቀ።

ጎረቤታችን እትዬ ራቢአ የባለሱቁ የሙሄዲን ሚስት ናት። እምነቷ የውሻ ልጋግና እርጥበት እንዳይነካት ያስጠነቅቃታል። ቢሆንም ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ፣ ጡት የሚጠባውን ልጇን ታቅፋ፣ ቤታችን መምጣቷን አልተወችም። ገና ስትቀመጥ እማዬ ትጀምራለች።

«ይቅርታ እትዬ ራቢአ፣ ይኼ ውሻ አገማን!»

«ቡችላ አይደል እንዴ? ምን ያድርግ፣ ያድጋል» ትላለች እትዬ ራቢአ።

አባዬ ካለ ደግሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ካልታረመ ለጅብ ነው የምሰጠው!» ይልና ዱላውን አንስቶ ወለሉን ይመታል። ዱላው አንድም ቀን ቻለውን ነክቶት አያውቅም። አባዬ ዒላማ የማይችል ሰው ይመስለኝ ነበር። ለጅብ እሰጠዋለሁ ያለው ግን ሆዴ ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ። ጅቦቹ ማታ ማታ ከወንዙ ማዶ ሲጮኹ የሚጠሩት ቻለውን ነበር፣ ለእኔ።

ስለዚህ ላስተምረው ቆረጥኩ።

መጀመሪያ የሞከርኩት የሰፈሩ ልጆች የነገሩኝን ነው፤ ውሻ አፍንጫውን በሽንቱ ካሹት ይማራል ብለውኛል። አንድ ከሰዓት በኋላ ከመጋረጃው ሥር ወለሉ ረጥቦ አገኘሁ። ቻለውን በማጅራቱ ይዤ አፍንጫውን ጭቃው ውስጥ ደፈቅኩት። ሲንጫጫ መጋረጃው ተገለጠና ማሪቱ እንደዚያ የታመመ ወገብ ይዛ ተወርውራ ከእጄ ነጠቀችኝ።

«ተይው! እሱ አይደለም!»

«እሱ ነው! ይኸው፣ ርጥብ ነው!»

«አይደለም እኮ አልኩሽ! እሱ አይደለም፣ እኔ…»

«ማሪቱ!» አለች እማዬ ከበሩ ላይ። «ዝም በይ።»

ማሪቱ ቻለውን ደረቷ ላይ አስጠግታ አፍንጫውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት፤ እንባዋ ጭንቅላቱ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። እህቴ ቡችላውን በጣም ከመውደዷ የተነሳ ዋሸችለት ብዬ አሰብኩ፤ ቀናሁም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በውሻ ቀናሁባት።

አፍንጫ ማሸቱን ተውኩ። ሌላ መንገድ ያገኘሁት ከእትዬ ራቢአ ነው። ልጇን ደጃፏ ላይ በሁለት እግሮቿ መሐል አንጠልጥላ «ሽሽሽሽ» ስትለው ወዲያው ይሸናል። ለሰው ልጅ የሚሠራ ለቻለው ለምን አይሠራም አልኩና ሲነቃም ሲበላም ገመዱን እየፈታሁ ወደ ጓሮ መውሰድ ጀመርኩ። ቁጢጥ ብዬ፣ አንጠልጥዬ ይዤው «ሽሽሽሽ» እለዋለሁ። ሲሸና ከእንጀራዬ እቆርስለታለሁ። ብዙም ሳይቆይ ድምፄን ሲሰማ ራሱ ይሸና ጀመር። ከዚያ አልፎ በሩን በእግሩ እየቧጨረ አውጡኝ ማለት ለመደ። ንግሥት የሆንኩ መሰለኝ።

ጓሯችን ከማሪቱ ግድግዳ ጀርባ ነበር። አንድ ቀን «ሽሽሽሽ» እያልኩ ሳለ በጭቃው ስንጥቅ በኩል «ድንቅቱ፣ ስለ ማርያም፣ ያን ድምፅ ተይልኝ» የሚል ሰማሁ። የማሪቱ ድምፅ ነው። ራሷን አሟት ይሆናል ብዬ ከዚያ ወዲያ እያንሾካሾክሁ አስተማርኩት።

የገረመኝ ግን እማዬ ናት። ቻለውን በፈታሁት ቁጥር ታስረዋለች። በሩን ሲቧጭር ትዘጋበታለች። «እዚያው ይሽና፣ ውሻ አይደል?» ትላለች። ቤቴን አገማው እያለች በየሰዉ ፊት የምታማርር ሴት እንዳይማር የምትከለክለው ለምን እንደሆነ ሊገባኝ አልቻለም። በልቤ ሞኝ ነች አልኳት።

በዚህ መሐል የእመቤታችን ማኅበር ተራ ደረሰን። እማዬ ያለፈው ወር አስተናጋጅ ቤት ሄዳ ጽዋውን ተቀብላ መጥታለች። የተቀበሉትን ጽዋ ሳይደግሱ መመለስ ደግሞ በእኛ ዘንድ ትልቅ ነውር ነው። መደብ ላይ ተኝቼ እንቅልፍ የወሰደኝ መስዬ እሷና አባዬ ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«ለሌላ ላስተላልፈው ይሆን?» አለች እማዬ።

«ምን ብለሽ?»

«ታምሜአለሁ ብዬ።»

«ታመምኩ ካልሽማ ሊጠይቁሽ ይመጣሉ። ያው ይገባሉ።»

«ታዲያ ሲገቡ ምን ልበላቸው፣ ዓባይነህ?»

«ውሻው አለልሽ አይደል? ለምን አስመጣሁት?»

እማዬ ቀስ ብላ አለቀሰች። በማግስቱ የንስሐ አባታችን አባ ገብረየስ መጥተው መስቀላቸውን ካሳለሙን በኋላ ምሰሶው ሥር ቻለውን አዩት። ፊታቸው ጠቆረ።

«ውብአየሁ፣ ውሻ በሚተኛበት ቤት ጽዋ አይቀመጥም። አውጪው እንጂ!»

«አባቴ፣ የማኅበሩ ዕለት አወጣዋለሁ።»

«ከዚያ በፊት አውጪው፤ ቤቱም ይናፈስ። ምን ነካሽ?»

«እሺ አባቴ» አለች። እሳቸው ሲወጡ ግን እሺ እንዳለች ሰው ሳይሆን እንደተፈረደባት ሰው ከበሩ ሥር ቁጭ አለች። ውሻውን ካስወጣች ሽታው ባለቤት ያጣል፤ ካላስወጣች ጽዋውን ደፈረች ይባላል። ይህን ሁሉ አሁን ነው የማውቀው። ያን ጊዜ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ቻለው ከነውሩ ካልጸዳ ወደ ጅብ ይሄዳል፤ ከጸዳ ግን ይተርፋል። እኔም አጽድቼዋለሁ። ይህን የሚነግርለት ሰው ብቻ ነበር የጎደለው።

የማኅበሩ ዕለት ቤታችን ሙሽራ መሰለች። ወለሉ ተለቅልቆ፣ ጠጅ ሳርና አሪቲ ተጎዝጉዞበት ነበር። እማዬ ቻለውን አወጣችው፤ ቅዳሴ ወጥቶ ሰው እስኪመጣ ድረስ ግን ገመዱን ሁለት ጊዜ ፈታ ወደ ቤት ልትመልሰው ስትል አየኋት፤ ሁለቴም መልሳ ከአጥሩ ጋር አሰረችው። ማሪቱን እትዬ ራቢአ ቤት እንድትውል ለምናት ነበር። «የሰው ፍራሽ ላይ አልቀመጥም» አለች ማሪቱ፤ ከመጋረጃው ጀርባ ጨርቅ በጨርቅ ላይ ደራርባ ተቀመጠች።

ማኅበርተኞቹ ገቡ። አባ ገብረየስ ጸሎት አደረሱ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ተቀዳ። ቤቱ በሰው ሲሞላና ሲሞቅ ያ ሽታ ከአሪቲው ሥር ብቅ አለ። ሰዎቹ ስለ ዝናቡ ማውራት አበዙ። ከእማዬ ጎን የተቀመጠችው ወፍራሟ እትዬ ጥሩሰው፣ ሳቅ በሚመስል ነገር፣ «ያ ቡችላሽ አሁንም አልተወም መሰለኝ?» አለች።

«ምን ላድርገው እቴ፣ ታክቶኛል! ትናንት እንኳ እዚሁ…» አለች እማዬ።

በሩ ላይ ቆሜ ነበር።

«ውሸት ነው!» አልኩ። «ቻለው ቤት ውስጥ አይሸናም! ከተወ ቆየ! እኔ አስተምሬዋለሁ፣ ኑና እዩት!»

ማንም ሳይዘኝ ሮጬ ገመዱን ፈታሁ። በሩ ፊት፣ ሁሉም እያዩኝ፣ «ሽሽሽሽ» አልኩት። ቻለው ኮራ ብሎ፣ እግሩን በርከክ አድርጎ ሸና። እያጨበጨብኩ ዞር አልኩ።

ማንም አላጨበጨበም። ሁሉም ዐይናቸውን ወደ መጋረጃው ልከው ነበር፤ እኔ ሳያቸው ደንግጠው ሰበሰቡ። እማዬ የምትቀዳው ጠላ ሞልቶ እጇ ላይ ይፈስሳል፣ አላየችውም። አባዬ ጉዝጓዙን እያየ ነበር። «ጎሽ የኔ ልጅ» አለች እትዬ ጥሩሰው በቀጭን ድምፅ፤ ከዳቦዋ ቆርሳ ሰጠችኝ። አንድ ሰው ስለ ጤፉ ቡቃያ ጠየቀ፤ ሌላው ፈጥኖ መለሰለት። ቁጣ ጠብቄ ነበር፣ አልመጣም። ያን ዕለትም ሆነ ከዚያ በኋላ አንድም ሰው አልተቆጣኝም። ቢቆጡኝ ምን ነበረበት።

ሊነጋጋ ሲል የበሩ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ማሪቱ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ትንሽ ጥቅል ይዛ፣ ደፉ ላይ ተንበርክካ ቻለውን ታሻሸዋለች። «አንተስ ተገላገልክ» አለችው። ትምህርቱን ስለ ጨረሰ ደስ ብሏት መሰለኝ። ወደ ወንዝ ልትወርድ ነው ብዬ ተመልሼ ተኛሁ።

ከወንዝ አልተመለሰችም። አባዬ መንገዱን ሁሉ ጠየቀ። አውቶቡስ ላይ ስትወጣ ያያት ሰው አልነበረም፤ ሰው አጠገብ መቀመጥ የምትፈራ ልጅ አውቶቡስ አትሳፈርም። በእግሯ ነው የሄደችው። አባዬ ከፋብሪካው እያስፈቀደ ጠበል በጠበል፣ ደብር በደብር ዞረ። ከአንዱ ስትታይ ነበር ይሉታል፤ ሲደርስ ሌላ ሴት ትሆናለች። አባ ገብረየስ በቅዳሴ የክርስትና ስሟን ከሕያዋን ጋር ይጠሩላት ነበር። እኔ ኮረዳ ሳለሁ አንድ እሑድ እማዬ «አባቴ፣ እንግዲህ ከሙታን ጋር ይጥሩልኝ» አለቻቸው። እሳቸውም እንዳለችው አደረጉ።

እትዬ ራቢአን ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት ዐይኗ ከደከመ በኋላ ነው። እማዬ ሞታ ለቅሶ ልትደርሰኝ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ድንገት «ሁላችንም እናውቅ ነበር እኮ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«የማሪቱን ነገር። ሽታውን የማያውቅ ሴት አለ? ከመጣችበት ቀን ጀምሮ እናውቃለን። ምጥ የጎዳት ልጅ እንደሆነች። እናትሽ ውሻ ቤት ስታስገባ እኛም ውሻው ነው አልን። ልጅቷ እንዳታፍር ብለን እኮ ነው። ጥሩሰውም ያን ቀን የጠየቀችው እናትሽ መልስ እንድታገኝ ብላ ነው።» መቁጠሪያዋን ትንሽ ገፋች። «ማወቃችንን ያላወቀችው ማሪቱ ብቻ ነበረች። ብንነግራት ኖሮ…»

እኔ ደግሞ ለእሷ ያልነገርኳት አለኝ። አዋላጅ ነርስ ስሆን የተማርኩት ነው፤ በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ የተጎዱ ሴቶችን የሚጠግኑ ሐኪሞች ነበሩ። የአዲስ አበባው አውቶቡስ በየጠዋቱ ደጃችን ላይ አቧራ እያለበሰን ያልፍ ነበር። ማናችንም አናውቅም። ይህን ለእማዬም ሳልነግራት ቀበርኳት፤ መንገር ነበረብኝ እንዴ? እንጃ።

ሁልጊዜ የሚመጣብኝ ግን ማሪቱ ከሄደች በኋላ የነበረው ሰሞን ነው። አባዬ ፍለጋ ወጥቷል። እማዬ ቻለውን መልሳ ወደ ቤት አስገባችው፣ መልሳ ከምሰሶው ጋር አሰረችው። እኔ በደስታ ዘለልኩ፤ ከጅብ ዳነ ማለት ነው። ቻለው ግን ቆይቶ ማንጎራጎር ጀመረ። ገመዱን እስከ ጫፉ ወጥሮ ወደ በሩ ያያል።

«እማዬ፣ አውጡኝ እያለ ነው፣ ልፍታው?»

«አትንኪው።»

መጋረጃው ተገልጦ ተንጠልጥሏል፤ የማሪቱ መኝታ ባዶ ነው። ወለሉ ደርቋል። ቤታችን ምንም አይሸትም ነበር። እማዬ ከውሻው ፊት ለፊት መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ሽና» አለችው። «እዚሁ ሽና።»

ቻለው ጅራቱን ቆላላት።

«እዚሁ ብትሸና ምን አለበት! ምን ትሆን ነበር! ማሪቱ ስትመለስ ምን ልላቸው ነው? ሽና እንጂ!» ትከሻውን ይዛ ነቀነቀችው። ቻለው ፊቷን ላሳት። የተማረ ውሻ ነበር፤ ማልቀሱን አለቀሰ እንጂ መሽናቱን እምቢ አለ። እማዬ ገመዱን እንደያዘች፣ እኔ በሩ ላይ እንደቆምኩ፣ ረጅም ጊዜ ቆየን።

በመጨረሻ አቃተው። አፍሮ፣ ራሱን ደፍቶ፣ ምሰሶው ሥር ለቀቀው። እኔ እንደለመድኩት አመድ ልዘግን ወደ ምድጃው ሮጥኩ።

«ተይው» አለች እማዬ። ነጠላዋን አጥፋ ከርጥቡ መሬት አጠገብ ጋደም አለች። «አትጥረጊው።»